ቀጭን መንጠቆ፣ ወፍራም ክር

ላቨርት ጊልስፒ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሲመርጥ ያየ ሰው ቤት የሚገዛ ይመስለዋል። ሚስቱ ኤርሊን እንደምትለው እሷን ለመምረጥ የፈጀበት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ለአንድ መንጠቆ ግን ሦስት ቀን ያስባል። ይህን በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ትናገረዋለች። እሱም አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰማውን ቀልድ ዛሬ ገና እንደሰማ ሆኖ ይስቃል። ደግ ባል እንዲህ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ!

በዚያ ሚያዝያ ግን የዕቃ ምርጫው ቀልድ አልነበረም።

ጥቅምት ላይ፣ ጓሮው ውስጥ ቅጠል እየጠረገ ሳለ፣ ስትሮክ መታው። ሠላሳ አንድ ዓመት በወንበር ፋብሪካ የወንበር እግር ሲገጥም የኖረው ያ ጠንካራ ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ምላሱም ከበደው። የመጀመሪያውን ሁለት ወር ኤርሊን በማንኪያ አበላችው፣ ጢሙን ላጨችው፣ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈችለት፤ ሌሊት ሲነቃ ነቃች። አንድም ቀን "ደከመኝ" አላለችም። ከአልጋው ሆኖ ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስታንቀላፋ አይቷታል፤ ማንኪያው በእጇ እንዳለ። ያን ያየ ሰው ሆዱ አይባባም? የላቨርት ሆድ ባብቶ እንዲህ ሲል ቃል ገባ፦ በሚያዝያ፣ ሰባ ዓመት በሚሞላት ቅዳሜ፣ ኤርሊን እሱ ራሱ በእጁ የያዘውን ዓሣ ትበላለች። አንድ መጥበሻ ሙሉ። አበቃ።

"ከሱቅ ብትገዛልኝም እበላዋለሁ እኮ" አለችው ሲነግራት።

"ከሱቅ? አንቺ ሴትዮ፣ ታምሜ ሳልሞት በስድብ ልትገድይኝ ነው?"

ሳቀች። ግን ዓይኗ ቀኝ እጁ ላይ ነበር።

እንግዲህ የላቨርት ችግር ሁለት ነበር። አንደኛው እጁ ነው። ሁለተኛው ጭራሮው ነው።

ክራፒ የሚባለው ዓሣ ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው፤ ጠባዩ ግን የዓይነ አፋር ነው፤ ሁልጊዜ የሚሸሸግበት ይፈልጋል። ስለዚህ የቶካሎ ሐይቅ ሰዎች መሸሸጊያ ይሠሩለታል። ገና ካለፈ በኋላ፣ በጥር ብርድ፣ ያጌጡበትን የዝግባ ዛፍ ከየቤታቸው አውጥተው፣ ግንዱ ላይ ብሎኬት አስረው፣ ሐይቁ ውስጥ እነሱ ብቻ በሚያውቁት ቦታ ያሰጥሙታል፤ ጭራሮ የሚሉት ይህንን ነው። ክራፒው ይመጣና ቅርንጫፉ መሀል ቤቱን ይሠራል። ዛፉ ግን በሁለት በሦስት ዓመት ይበሰብሳል። በየዓመቱ ጥር ላይ ያላደሰ ሰው ሚያዝያ ላይ ባዶ ጭቃ ላይ መንጠቆ ይጥላል።

ቦታውን ደግሞ ማንም ለማንም አይናገርም። እዚያ አገር ሰው ኃጢአቱን ለፓስተሩ ይናዘዛል፣ የጭራሮውን ቦታ ግን ለወንድሙም አይነግርም። ኤርሊን እንኳ ላቨርት ዓሣ ይዞ በገባ ቁጥር "ከየት ያዝከው?" ትለዋለች፤ እሱም "ከውሃ ውስጥ" ይላታል። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥያቄውም ያው፣ መልሱም ያው።

የላቨርት ቦታ ምልክቱ በዓይን ብቻ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ከተሰነጠቀው ደረቅ ዛፍ ጫፍ ጋር ልክ ሲገጥም፣ እዚያ ነው። አባቱ ኤዜል ናቸው ያሳዩት። ሆኖም አምና በጥር ጉልበቱን ታሞ ዛፍ አልጣለም። በዚህኛው ጥር ደግሞ አልጋ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልታደሰ ጭራሮ ምን እንደሚሆን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በስብሷል። ይህን እያወቀ ነው ቃል የገባው፤ እልኸኛ ሰው አይደል!

እዚህ ላይ ሆሴያ ተብስ ይመጣል፤ የማይመጣበት ነገር የለማ።

ሆሴያ ቤቱ ከላቨርት ቤት ሁለት አጥር አልፎ ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያመልካሉ፤ ላቨርት ዲያቆን ነው፣ ሆሴያ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ ይዘምራል። ድሮ በአንድ ጀልባ ነበር የሚወጡት፤ ወደየጭራሯቸው ግን ለየብቻ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ግን አንድ ማለዳ ላቨርት ወደ ቦታው ሲቀዝፍ ሆሴያ ልክ ጭራሮው ላይ፣ ልክ ታንከሩና ዛፉ በገጠሙበት ላይ፣ ጀልባውን አቁሞ ቁጭ ብሏል። ዘንጉንም ዘርግቷል።

"ሞተሬ ጠፍቶብኝ ነው" አለ ሆሴያ።

"ዘንግህም ጠፍቶብህ ነው የዘረጋኸው?"

"ሞተሩ እስኪነሣ ምን ልሥራ?"

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጀልባ ላይ አልተቀመጡም። እሑድ እሑድ እጅ ይጨባበጣሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ይዘላለፋሉ፤ ሆሴያም "ሞተሬ ነው፣ በጌታ ፊት እላለሁ" እንዳለ ነው። ላቨርት ግን አልረሳም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ዲያቆን ላቨርት ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቂሙን ይዞ ጸልዮአል።

ባሳለፍነው ጥር ደግሞ ጨመረበት። ኤርሊን ለገና ትንሽ ዝግባ ላቨርት አልጋ አጠገብ አቁማለት ነበር። መብራት ዓይኑን ስለሚወጋው በመብራት ፈንታ ቅርንጫፉን ሁሉ በቀይ የሹራብ ክር ቋጠሮ አስጌጠችው። ላቨርት ያንን ዛፍ ሲያይ ነበር ቀኑን የሚገፋው። ታዲያ ገና እንዳለፈ ሆሴያ መጣና "ሚስ ኤርሊን፣ ዛፉን ላውጣልሽ፣ ለአንቺ ይከብድሻል" ብሎ ቀይ ክሩ እንዳለበት ትከሻው ላይ አደረገው። ላቨርት ሊናገር ሞከረ፤ ምላሱ እምቢ አለው። ሆሴያ በር ላይ ዞር ብሎ "አይዞህ ዲያቆን፣ ጥሩ ቦታ ነው የማስቀምጠው" አለና ጥቅሻ ጣለ።

ከሄደ በኋላ ላቨርት በብዙ ትግል "ለ... ራሱ... ጭራሮ" አለ።

"ምን?" አለች ኤርሊን።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዛፌን እንኳ ወስዶ በራሱ ቦታ ሊጥል! ብሎ ነው። ምሽቱን በሙሉ ተቃጠለ።

እና ይኸው ሚያዝያ መጣ። ነጩ የዶግዉድ ዛፍ አበባ ፈነዳ፣ ክራፒውም ከጥልቁ ወደ ዳር ወጣ። ሐሙስ ዕለት ኤርሊን ላቨርትን ወደ ሚስ ዶት የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ወሰደችው። ገና በሩን ሲከፍት ያ ወፍራም ድምፅ ተቀበለው። ሆሴያ መደርደሪያው ጥግ ቁጭ ብሎ፣ ኦቾሎኒ የጨመረበትን ለስላሳ ጠርሙስ ይዞ፣ አንዴ እየጠጣ አንዴ እያኘከ።

"ዲያቆን! ተነሣህ እንዴ? እኛ እኮ የቀብርህን መዝሙር ስንለማመድ ነበር!"

"አንተ... የምትዘምር ከሆነ" አለ ላቨርት ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ "ከሬሣ ሣጥኑ... ተነሥቼ... እወጣለሁ።"

ሚስ ዶት፣ ሽቦ የመሰለች ቀጭን አሮጊት፣ ጠረጴዛውን በእጇ መታችው። "እሰይ! ላቨርት ተመለሰ! ምን ልስጥህ የኔ ጌታ?"

እሷም ወጣቶቹ የሚወስዱትን ክር አወጣች፤ የሸረሪት ድር ያህል የቀጠነ። "ይህን ዓሣው አያየውም" አለች።

"ጭራሮው ግን... ያየዋል።"

ላቨርት ከመደርደሪያው ወፍራሙን ክር ጎተተ፣ ያገር ሁሉ ሰው ለትልልቅ ዓሣ የሚገዛውን። ከዚያ ወደ መንጠቆዎቹ ዞሮ በጣት ሲጫኗቸው የሚተጣጠፉትን፣ ቀጭን የሽቦ መንጠቆዎች መረጠ። አንዱን በግራ አውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ትንሽ መለስ ሲል አየና ፈገግ አለ።

"ወይ ጉድ!" አለ ሆሴያ። "የበሬ ገመድ በስፒል ላይ! ስትሮኩ የመታው እጅህን ነው ሲሉኝ፣ ለካ ጭንቅላትህን ነው!"

ያወቀ ናቀ ይሏል፤ ሆሴያም ነገሩ ጠፍቶት አይደለም። የሐይቁ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የአባት ምክር ነው። ኤዜል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸውን ሲያስተምሩ እንዲህ ነበር የሚሉት፦ "ጭራሮ ውስጥ መንጠቆህ ይያዛል፤ መያዙ አይቀርም። ጥያቄው ማን ይሸነፍ ነው። መንጠቆው ግትር ከሆነ ክርህ ይበጠስና ሁሉን እዚያው ጥለህ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። ክሩ ጠንክሮ መንጠቆው ለስላሳ ከሆነ ግን ስትስበው ይዘረጋል፣ ተዘርግቶ ይወጣል። በፒንሳ መልሰህ ቆልምመህ እንደገና ትጥለዋለህ።"

ክሩና መንጠቆው በዚህ አለቀ። የዘንጉ ነገር ግን ላቨርትን አንገቱን አስደፋው። ሚስ ዶት ያሳየችው ዘንግ ሁሉ ማጠንጠኛ አለው፤ ማጠንጠኛ ደግሞ አንዱ እጅ ይዞ ሌላው ያዞረዋል። አንዱን አነሣ፣ አስቀመጠ። ሌላውን አነሣ። ቀኝ እጁ እጀታው ላይ ደርሶ ተንሸራተተ። ኤርሊን ወደ ብስኩቱ መደርደሪያ ዞራ የማታነበውን ታነባለች።

ሆሴያ ጠርሙሱን አስቀመጠ። "የአባትህ የሸምበቆ ዘንግ የት ሄደ?" አለ፣ ያለ ቀልድ። "ጋራዡ ውስጥ ምስማር ላይ የነበረው። ማጠንጠኛ የለውም፤ ክሩ ጫፉ ላይ ይታሰራል፣ የክሩ ልክ የዘንጉ ልክ ነው። ቁልቁል ትጥላለህ፣ ሽቅብ ታነሣለህ። ምኑ ላይ ነው ሁለት እጅ የሚፈልገው?"

ላቨርት ደሙ ፈላ። የፈላውም ሰውዬው ልክ ስለሆነ ነው። የት አባቱ ያውቃል የአባቴን ዘንግ! አለ በሆዱ። ግን ቤት ሲገባ ቀጥ ብሎ ወደ ጋራዡ ሄደ።

ዓርብ ዕለት ማሰር ጀመረ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ክሩን በጥርሱ ነክሶ፣ በግራ እጁ ጠምዝዞ፣ መንጠቆውን ቀኝ ጣቶቹ መሀል ሰክቶ፤ እነዚያ ጣቶች መንጠቆ ለመያዝ ያህል ብቻ መታዘዝ ጀምረው ነበር። የመጀመሪያው ቋጠሮ አርባ ደቂቃ ፈጀ፣ ሲስበው ተፈታ። ላቨርት ኤርሊን ባለችበት የማይነገር ቃል ተናገረ። ኤርሊን ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች። አልዞረችም። "ላግዝህ" አላለችም። አንዱን ድስት ሦስት ጊዜ አጠበችው። እሱም ድስቱ ሦስቴ መታጠቡን ልብ ብሏል፤ የሰጠችው ትልቁ እርዳታ ያ ጀርባዋ እንደሆነም ገብቶታል። እስኪመሽ አራት መንጠቆ አሰረ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ጋት ከፍ አድርጎ ትንሽ የእርሳስ ብረት አንጠለጠለ፤ መንጠቆው ሲያዝ ክሩን ለቀቅ ሲያደርጉት እርሳሱ ወርዶ እያንኳኳ እንዲያስለቅቀው።

"ጨረስኩ" አለ።

"እኔም ጨረስኩ" አለች ኤርሊን፣ ድስቱን ሰቅላ።

ቅዳሜ ማለዳ ሐይቁ እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ ብሏል። ኤርሊን ጀልባ ማሰሪያው ድረስ ነድታ አመጣችው፣ ያንን ብርቱካናማ የአደጋ ጃኬት እስከ አገጩ ዘጋችለት።

"ዱባ መሰልኩ እኮ!"

"ዱባ አይሰምጥም። እኩለ ቀን ላይ እመጣለሁ።"

ላቨርት ዞር ሲል የሆሴያን አሮጌ መኪና ከዛፉ ሥር ቆሞ አየ። ሆሴያ ውስጡ ቁጭ ብሎ ከቴርሞስ ቡና ይጠጣል። ስወድቅ ሊያይ መጣ፣ አለ ላቨርት፤ ጥርሱን ነከሰ። ኤርሊን ግን መኪናዋን አዙራ ስትሄድ ለሆሴያ እጇን አወዛወዘችለት። ያን ላቨርት አላየም።

ትንሿን ሞተር በግራ እጁ እየዘወረ ወጣ። ታንከሩ ከተሰነጠቀው ዛፍ ጋር ገጠመ። ጀልባውን አቆመ። ሸምበቆውን ጉልበቱ መሀል አስገብቶ፣ ከባልዲው ለማታለያ የምትሆን አንዲት ትንሽ ዓሣ ይዞ፣ ሦስቴ አምልጣው በአራተኛው ከንፈሯ ላይ መንጠቆውን አሳለፈ። ከዚያ ዝም ብሎ ውሃውን አየ። አንድ ነገር ብቻ ፈራ፤ እርሳሱ ወርዶ ወርዶ ለስላሳ ጭቃ እንዳይነካ። ጭቃ ከነካ ጭራሮ የለም፤ ጭራሮ ከሌለ ዓሣ የለም፤ ዓሣ ከሌለ ዛሬ ማታ ኤርሊን ባዶ መጥበሻ ታያለች፣ ፈገግ ብላም "ምንም አይደለም" ትለዋለች። ያቺን "ምንም አይደለም" መስማት አይችልም ነበር።

ለቀቀው። ክሩ ወረደ። ሁለት ክንድ ያህል ሲገባ ቆመ።

ጭቃ አልነበረም። እርሳሱ የሚያነጥር ነገር ላይ አርፏል። ላቨርት ዘንጉን ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረገው፤ ከሥር እንደ ሕያው ቅርንጫፍ መለሰለት። የበሰበሰ እንጨት እንዲህ አያነጥርም። ምን ጉድ ነው ይህ?

ከፍ ሊያደርገው ሲል ተያዘ። ክሩን ለቀቅ፣ እርሳሱ አንኳኳ፣ አልለቀቀም። እንደገና፤ አልለቀቀም። ያን ጊዜ የአባቱን ምክር አስታውሶ ዘንጉን ጀልባው ውስጥ አጋድሞ፣ ክሩን ግራ እጁ ላይ ጠምጥሞ፣ ሳይቸኩል ሳበ። ክሩ ጸና። ከታች የሆነ ነገር ቀስ እያለ እጅ ሰጠ፣ ቀጭ አለና ተቆርጦ ወጣ።

መንጠቆው ሊዘረጋ ምንም አልቀረውም። ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር የዝግባ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል፤ ቅጠሉ አረንጓዴነቱ ገና አልሞተም። ቅርንጫፉ ላይ ደግሞ ቀይ የሹራብ ክር ታስሯል። ሁለቴ የተጠመጠመ፣ ጫፉ እኩል የተቆረጠ፤ የኤርሊን ቋጠሮ።

ላቨርት ጭኑ ላይ አስቀምጦ አየው። ያ ዛፍ ነው። ታኅሣሥን ሙሉ አልጋው አጠገብ ቆሞ ያስታመመው ዛፍ። ሆሴያ ትከሻው ላይ አድርጎ ይዞት የወጣው። "ጥሩ ቦታ ነው የማስቀምጠው" ያለው። ላቨርት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲቃጠል ያ ሰው በጥር ብርድ ብሎኬት አስሮ፣ ብቻውን ቀዝፎ፣ እዚህ አምጥቶ ጥሎለታል። ለላቨርት። በላቨርት ቦታ።

አለቀሰ። ምን ይደበቃል? ዱባ የመሰለ ጃኬት ለብሶ፣ ሐይቅ መሀል፣ አንድ ስንዝር ዝግባ ታቅፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። "ጌታ ሆይ፣ እኔን ምን ዓይነት ጅል አድርገህ ነው የፈጠርከኝ?" አለ። ከዚያ አፍንጫውን በጃኬቱ ጠርጎ መንጠቆውን በፒንሳ ቆለመመና መልሶ ጣለው፤ ኤርሊን ዛሬ ማታ መብላት አለባትና።

የመጀመሪያውን ዓሣ አጣው። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ደስታው አሸንፎት ነጠቅ አደረገ፤ የክራፒ ከንፈር ደግሞ እንደ ወረቀት ነው፣ ተቀደደና ሄደ። "ቀስ፣ አንተ ችኩል" አለ ራሱን። ሁለተኛውን ሳይነጥቅ እንዲሁ ሽቅብ አነሣው፣ ከቅርንጫፉ መሀል ቀጥ አድርጎ፣ ወደ ጎን ሳያዘነብል። ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ ክራፒ ጀልባው ላይ ተንፈራገጠ። ከዚያ ሦስተኛው መጣ፣ አራተኛው። በየመሀሉ ከራሱ ጋር አንዲት ቃል ይለማመዳል። ምላሱ ረጃጅም ቃል ላይ ይሰናከልበታልና እንዳትበላሽበት ደጋገማት።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ተመለሰ። ሆሴያ ከመኪናው ወርዶ የጀልባውን ገመድ ተቀበለው።

"ስንት?"

"ዘጠኝ።"

"ውሸት!"

ላቨርት የዓሣውን ቅርጫት ከፈተ። ሆሴያ አፉን ሊከፍት ሲል ላቨርት እጁን ኪሱ ከቶ ቅርንጫፉን አወጣ። ቀዩ ክር ደርቆ ነበር።

ሆሴያ ወደ ሐይቁ ዞረ። "ሐይቅ ውስጥ ሰው ስንት ነገር ይጥላል" አለ።

"ሆሴያ።"

"ንፋስም ያመጣዋል..."

"ሆሴያ! ዝም በል። አመ... አመሰግን... ሃለሁ።" ተጣሞ ወጣ። ግን ወጣ። "ከልቤ ነው። አመሰግንሃለሁ።"

ያ ምላሱ የማያርፍ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

"ስንት ጣልክ?" አለ ላቨርት።

"ያንተን አንድ። የቤተ ክርስቲያኑን አንድ። የራሴን ሁለት። ወገቤን ጠይቀው፣ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።"

"ለምን... አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ቦታህን እንደማውቀው ታውቅ ነበራ!"

ላቨርት ትክ ብሎ አየው። ሆሴያ ጫማውን አየ፣ ዓሣውን አየ፣ ሌላ የሚያየው ነገር አጣ።

"እሺ ስማ" አለ በመጨረሻ። "ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የበላበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ዝም አይልም። ያን ቀን ሞተሬ አልጠፋም ነበር፣ ላቨርት። ከዚያም በኋላ አልጠፋም። አንተ ማክሰኞ ማክሰኞ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስትመራ እኔ እዚያ ነበርኩ።"

"ማክሰኞ ማክሰኞ?"

"ክረምት ከበጋ።"

ላቨርት ከሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲነሣ ተሰማው፤ ቁጣ መስሎት ጠበቀው። ሳቅ ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ያልሳቀው ሳቅ፣ ጀልባውን እያወዛወዘ፣ እንባውን እያወረደ ወጣ። ሆሴያም ጀመረው። ኤርሊን መኪናዋን አቁማ ስትወርድ ሁለት ሽማግሌዎች ገመድ ይዘው እየተደጋገፉ ይንፈራፈራሉ።

"ምን ሆናችሁ? ማን ወደቀ?"

"ማንም" አለ ላቨርት። "ሆሴያ ማታ እኛ ጋ ይበላል።"

ዓሣውን ሆሴያ ሰንጥቆ አጸዳው፣ ኤርሊን እንድትነካው አልተፈቀደላትም። ላቨርት ራሱ በበቆሎ ዱቄት አንከባሎ በግራ እጁ ጠበሰው፤ ምድጃው ዙሪያ ዱቄት ያልነካው ነገር አልነበረም። ኤርሊንን የጠረጴዛው ራስ ላይ አስቀመጧት። ሆሴያ የልደት መዝሙሩን ዘመረ፤ ላቨርት ጆሮውን ያዘ። ከዚያ ላቨርት አንድ ወርቅ የመሰለ ቁራጭ በሹካ አንሥቶ ወደ አፏ ወሰደ። በግራ እጁ ስለሆነ ቀስ አለ። ኤርሊን አልቸኮለችም፤ አፏን ከፍታ ጠበቀችው፣ እሱ ሁለት ወር ሙሉ ማንኪያዋን እንደጠበቀው። ደረሰ። አኘከች። ዓይኗ ሞላ።

"ምነው? ጨው አነሰው?"

"ምንም አላነሰው" አለች። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና እንደ ወትሮዋ ጠየቀችው። "ከየት ያዝከው?"

ላቨርት ሹካውን አስቀመጠ። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰጣትን መልስ ታውቀዋለች፤ አፏም "ከውሃ" ሊል ተዘጋጅቶ ነበር።

"ከሆሴያ ቦታ" አላት።

ሆሴያ ማኘኩን አቆመ። ላቨርትን አየው፣ ቀና ብሎ ኤርሊንን አየ፣ እንደገና ላቨርትን። ኤርሊን ተነሣችና ትልቁን ክራፒ ሳህኑ ላይ አደረገችለት።